ከማህተሙ በፊት የተነበበው ደብዳቤ

ፎርሙ የጠየቀኝ ሦስት ነገር ነው። የዲግሪዬን ቅጂ፣ የአጥቢያዬን የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ሰውን በሐዘኑ ያገዙበትን አንድ አጋጣሚ በሁለት ገጽ ይግለጹ» ይላል። የመጀመሪያውን ከሻንጣዬ አወጣሁ። ሁለተኛውን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ይጽፉልኛል። ሦስተኛው ላይ ነው ጉዴ የፈላው።

ያኔ ጭሮ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ነርስ ነኝ፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው። ከሆሳዕና ተመድቤ ስመጣ «ሁለት ዓመት ሠርተሽ ትዛወሪያለሽ» ብለውኝ ነበር፤ እነሱም ረሱት፣ እኔም ረሳሁት። ሴቶቹ ደም ግፊታቸውን ስለካ ሆዳቸው ያለውን ያወሩልኛል፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። መድኃኒት የማይደርስበትን ነገር ነው የሚያወሩልኝ። እኔ ደግሞ አይዞሽ ከማለት ሌላ የማውቀው የለኝም። አዲስ አበባ ያለ አንድ የክርስቲያን ኮሌጅ የምክር አገልግሎት በማስተርስ እንደሚያስተምር የሰማሁ ጊዜ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ለራሴ የሆነ ነገር ፈለግሁ።

ሁለቱን ገጽ ግን በምን ልሙላው? በእውነት አገዝኳት የምላት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ጎረቤቴ። አንድ ግቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ እሷ ከባለቤቷ ጋር ከጓሮ በኩል ሁለት ክፍል፣ እኔ ከበሩ አጠገብ አንዷን። ባሏ የግብርና ሠራተኛ ነው፤ ሳምንቱን መስክ ውሎ ቅዳሜ ማታ ይመጣል። የምናመልከውም አንድ ቦታ ነው። ብንበዛ አርባ ነን፤ አብዛኞቻችን ከሌላ አገር ተመድበን የመጣን ነንና አንዱ የሌላውን ቤት እንደራሱ ያውቃል።

የበኩር ልጇ በስድስት ወሯ ሞተችባት። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ጠዋት የልጅቷን ልብሶች አውጥታ ታጥባለች፤ ግቢው መካከል ያለው ሽቦ ላይ ታሰጣለች፤ ባሏ ሳይደርስ ሰብስባ፣ አጣጥፋ ትመልሳለች። ጎረቤቱ ሁሉ ያያል። አከራያችን፣ ሐጅ ያደረጉ አሮጊት፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። አንድ ቀን አንዲት ቃል ተናግረው አያውቁም።

አንድ ቅዳሜ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብሬያት ማጠብ ጀመርኩ። እጃችን ውሃው ውስጥ እንዳለ ልጅቷ እንዴት እንደሞተች ነገረችኝ። ለሰው ከተነገረው የተለየ ነው፤ ባሏም አያውቀውም። «ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም» አለችኝ። ምን እንደነገረችኝ እዚህ አልጽፈውም። አንዴ ጽፌው የሆነውን አይቻለሁ፤ ይህን ታሪክ እንድጽፍ ኋላ የፈቀደችልኝም ያንን ነገር እንዳልነካ አስምላኝ ነው። በየትኛዋም እናት ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው፤ እሷ ግን ገደልኳት ብላ ነው የምታስበው። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው አብረን አጠብን። ብዙም አላወራሁም። «እህቴ፣ ካንቺ ጋር ሳጥብ ይቀለኛል» አለችኝ አንድ ቀን።

እሷን ጻፍኳት። ተጠንቅቄ ነው ደግሞ የጻፍኩት፤ በጥንቃቄዬም ኮርቼ ነበር። ስም የለም። ከተማውን በደሳ አልኩት። ሴቷን ልጅ ወንድ፣ ባልየውን አስተማሪ አደረግሁ። የልብሱን ነገርም ሰርዤው ነበር። መልሼ ሳነበው ግን ጽሑፉ ነፍስ የለውም፤ ከሁሉ የሚያምረው የልብሱ አንቀጽ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ሰው የጭሮን ሽቦ የት ያውቀዋል ብዬ መልሼ ከተትኩት። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ አማረልኝ። እሷን አልጠየቅኋትም፤ እንቢ ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ።

የእኛ ሽማግሌዎች ማህተም የሚያርፍበትን ወረቀት ሳያነቡ አያሳልፉም። ማመልከቻዬን እንዳለ አስረከብኳቸው። ሁለቱን ገጽ ነጥዬ ማስቀረት እችል ነበር፤ ከነጭራሹ አልመጣልኝም። ሌላም ልማድ አለን፤ ለትምህርት የሚሄድ ሰው እሑድ ወደ ፊት ይጠራና ይጸለይለታል። ጠሩኝ፤ ወጣሁ። ዋናው ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ ደግ አስተማሪ፣ መነጽራቸውን አደረጉና ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«እህታችን ምን ዓይነት ልብ እንደሰጣት ከራሷ ጽሑፍ ስሙ» አሉ።

እውነቱን ልናገር፤ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ሲያነቡ ደስ ብሎኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ፣ ትሑት መስዬ፣ በሆዴ ግን እንዴት ጥሩ አድርጌ ጻፍኩት እያልኩ። ሽቦው ጋ ሲደርሱ ክው አልኩ። ከሴቶቹ አንዷ ዞረች። ቀጥሎ ሌላዋ። እኔን አልነበረም የሚያዩት። እሷ ከባሏ ጎን ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ተቀምጣለች። ሽማግሌው የሚኖሩት ሌላ ሰፈር ነው፤ ያንን ሽቦ አይተውት አያውቁም፤ ስለዚህ ማንበባቸውን ቀጠሉ። የሚቀጥለው አንቀጽ የልጅቷ አሟሟት፣ ከእሷ ሌላ እኔ ብቻ የማውቀው ነበር። እዚያ ለመድረስ ሦስት አራት መስመር ይቀራቸዋል። ጋሼ ይብቃ ማለት ነበረብኝ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ማቋረጥ አፈርኩ፤ አነበቡት።

«አሜን» አለ ጉባኤው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ባልየው የገዛ ልጁን ነገር ከሰው ሁሉ ጋር እኩል ሰማ። መጽሐፍ ቅዱሱን አንሥቶ በጎን በር ወጣ። እሷ አልተነሣችም። በራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው ሲጸልዩልኝ በጣቶቻቸው መካከል አየኋት፤ ዓይኗን አልጨፈነችም። ማህተሙ ሰኞ ተመታልኝ።

አልተጣላችኝም። በሯን ሳንኳኳ «ተኝቻለሁ» ትለኛለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽቦው ባዶ ዋለ። አከራያችን ከበረንዳቸው ጠሩኝ። ወሬው ደርሷቸዋል።

«ሲስተር፣ እኔ ስንት ቅዳሜ አየሁ። ጠየቅሁ? አልጠየቅሁም» አሉኝ። «አላህ የሸፈነውን ሰው አይገልጥም።» በወሩ ባልየው ዝውውር ጠይቆ ሁለቱም ወደ ገለምሶ ሄዱ።

ኮሌጁ በስልክ ፈተነኝ። ሦስት ሆነው ነው ያነጋገሩኝ። አንዷ የልብሱን አንቀጽ ስታነብ እንዳለቀሰች ነገረችኝና «ሴትዮዋ አሁን እንዴት ናት?» ስትል ጠየቀችኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት» አልኩ። ምላሴን ነክሼ ብቀር ይሻለኝ ነበር። ተቀበሉኝ። አልሄድኩም፤ ቦታዬን ለሌላ ሰው ስጡት ብዬ የጻፍኩላቸው ከገለምሶ በተመለስኩ ማግስት ነው።

ገለምሶ የሄድኩት ቅዳሜ ቀን ነው። ሚኒባሱ በደሳ ላይ ጫትና ሰው ሊጭን ቆመ፤ የዋሸሁባት ከተማ ናትና ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። ቤቷን በባጃጅ ፈልጌ አገኘሁት። በሩን ከፈተችልኝ።

«ይግቡ ሲስተር» አለችኝ።

ሲስተርስ ሰው ሁሉ ይለኛል፤ ነርስ ነኝ። እሷ ግን እህቴ ነበር የምትለኝ። ወንበር ሰጠችኝ፤ ለስላሳ አስገዝታ ቀዳችልኝ። ይቅርታ ለመንኳት። መንገድ ላይ ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ «በደልኩሽ» ከማለት በቀር አንዱም አልወጣልኝ።

«እኔ ይቅር ብያለሁ» አለች። «እሱም ክፉ አልተናገረኝም። እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻል ነበር። ትምህርቱ ተሳካልዎት?»

«ተቀበሉኝ።»

«እሰይ፣ ደስ ይበልዎት» አለችኝ፤ ከልቧ ነው ደግሞ። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት? እንባዬን እንዳታይብኝ ወደ ግቢው ዞርኩ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ፀሐዩም ጥሩ ነው፤ ሽቦ ግን የለም። ውሃ ጠብ ጠብ ሲል የሰማሁት ያኔ ነው። ድምፁ የሚመጣው ከቤት ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ነው። በመጋረጃው ጠርዝ አንድ ትንሽ ቢጫ ሹራብ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁ። ከሥሩ ሳፋ አለ፤ ሳፋው ውስጥ ገና ያልተጨመቁ አሉ።

ማየቴን አየች።

«ውስጥ ይቆያል እንጂ ይደርቃል» አለችኝ።

ሳላስበው ተነሥቼ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ወደ ሳፋው ሁለት እርምጃ ሳልሄድ መጋረጃው ፊት ቆመች። አልተቆጣችም፤ እንግዳ እንደሚከለከል አድርጋ በትሕትና ነው የከለከለችኝ።

«ይተዉት ሲስተር» አለችኝ። «ብቻዬን ለምጄዋለሁ።»