ለዓሣው የተጠቀለለ ጉርሻ

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ምግብ እምቢ አሉ። አልታመሙም። ትሪው ሲቀርብ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ፣ «አሜን» ይላሉ፣ ሁለቴ ቆረስ ያደርጉና እጃቸውን ይታጠባሉ። ጸሎቱ ከምግቡ ይረዝም ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ከእናቴ ጋር ከአንድ ትሪ የበሉ ሰው ናቸው። ኮታቸው በየሳምንቱ እየሰፋቸው ሲሄድ እኔና ባለቤቴ በር ዘግተን መንሾካሾክ ጀመርን። ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታችን ሁለት ክፍል ብቻ ስለሆነ የተንሾካሾክነውን ሁሉ አባቴ ይሰሙን ነበር።

ታላቅ ወንድሜ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አንድ ቀን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የመስታወት ገንዳ ከጋቢናው አወረደ። ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ከነአየር መንፊያው፣ ከነማሞቂያው፣ ከነነዋሪው ሰጥቶት ነው። ሦስት ጀሪካን የባሕር ውኃ አብሮ መጣ። ነዋሪው በባልዲ ነበር፤ ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ፣ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመሮች ያሉት ዓሣ። ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ያን ሁሉ ዳገት በባልዲ ወጥቶ ደሴ ሲደርስ የጠበቀው ብርድ ነው። እኔ ብሆን በመንገድ እሞት ነበር።

«አባባ፣ ይኼ የእርስዎ ነው። ሥራ የለበትም፤ ቁጭ ብለው ያዩታል» አለ ወንድሜ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ የውኃ ሰው ነህ። ከሞተ ከአንተ ራስ አልወርድም።»

የውኃ ሰው ያለኝ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ ላቦራቶሪ የቦይለር ውኃ ስለምመረምር ነው። እውነቱን ለመናገር ሹመቱ ደስ አሰኘኝ። በቤቴ የሚሰማኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም ነበርና ወዲያው ትምህርት ጀመርኩ። ውኃ ሲተን ጨው አይተንም፣ ስለዚህ የጎደለውን የምንሞላው ጨው በሌለው ውኃ ነው አልኩ። ባለቤቴ በማግስቱ ጨው በማንኪያ ይዛ «አልጫ እንዳይሆንበት» ስትል ነው ገንዳው አጠገብ የያዝኳት። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ደግሞ ለዓሣው አንድ ባልዲ ቀድመን ቀድተን፣ ክሎሪኑ እስኪወጣ ክዳኑን ከፍተን እናሳድርለታለን። ከቤተሰቡ ያደረ ውኃ ተመርጦለት የሚኖር እሱ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሲቀርብ ዓሣው ወደ መስታወቱ ተጠጋና አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። የአባቴ እጅ ትሪው ላይ ቆመ።

«ርቦታል» አሉ።

«የለም አባባ፣ ሲተነፍስ ነው።»

«ሰው ሲበላ እያየ አፉን የሚከፍት ርቦት ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ገንዳው አዙረው መብላት ጀመሩ። ግማሽ እንጀራ በሉ። ባለቤቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ እኔም ምጣድ የምፈልግ መስዬ ተከተልኳት።

ከዚያ በኋላ አባቴ ጠረጴዛቸውን አስነሥተው ገንዳው ጎን አስጠጉ። አንድ ቀን ወጡ እንዳያቃጥል አልጫ ሽሮ ይሁን አሉ። ለጨጓራቸው ነው ብለን ቤቱ በሙሉ አልጫ በላተኛ ሆነ። ኮታቸው እንደገና ልክ መጣ።

በሦስተኛው ሳምንት ውኃው አረንጓዴ ሆነ። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ፣ ቀጥሎ ድንጋዩ ላይ፣ ወንዝ ዳር የሚያዳልጠው ዓይነት አልጌ ተለጠፈ። በመጨረሻ ዓሣው ራሱ የሚታየን መስመሮቹ ሲያልፉ ብቻ ሆነ። ፀሐይ ነው ብዬ መስኮቱን በካርቶን ሸፈንኩ። በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩ። ወንድሜ ባመጣው የባሕር ውኃ ሩቡን ቀየርኩ። በሳምንቱ ተመልሶ አረንጓዴ ነው። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አየር መሳብ ጀመረ፤ እኔን ያስፈራኝ ግን እሱ ሲሞት የአባቴ ትሪ ምን እንደሚሆን ነበር።

ውኃውን በትንሽ ጠርሙስ ቀድቼ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጠርሙሱን እንዳይደፋ ጉልበቴ ላይ በሁለት እጄ ይዣለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ጥምጣም ያደረጉ አዛውንት ጠርሙሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ጠርሙሱን አዩ።

«አላህ ያሽርህ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ኩላሊት ነው?»

«አይ፣ የእኔ አይደለም። የዓሣ ነው።»

ከዚያ በኋላ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ነው የሄዱት።

ላቦራቶሪ ውስጥ ያለኝን መድኃኒት ሁሉ ጨምሬ ሞከርኩ። የጨው መጠኑ ልክ ነበር። ግራ ገብቶኝ ለአለቃዬ ባሳየው ምንም መሣሪያ ሳያነሣ አሸተተው። «ይኼ ውኃ አይደለም፣ ሾርባ ነው» አለኝ።

በዚያን ዘመን በመሥሪያ ቤት አንድ ለአምስት ተደራጅተን በየሳምንቱ ስንገማገም ከርመናል፤ ችግር ሲገጥመኝ የማውቀው መፍትሔ ስብሰባ ብቻ ሆኖ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በገንዳው ዙሪያ ግምገማ ጠራሁ። አባቴ፣ ባለቤቴ፣ እንዲሁም ቢስቲማ ተወልደው ሆጤ ያረጁት ጎረቤታችን ተገኙ። ዓሣው በቀን የሚገባው አንዲት ቁንጥር ደረቅ ምግብ ብቻ እንደሆነ አስረዳሁና ሁሉም ግለ ሂስ እንዲያወርድ ጠየቅሁ።

«ወላሂ አንድ ቀን ነው፤ ትንሽ ቂጣ» አሉ ጎረቤታችን። «አፉን ከፍቶ ሲያየኝ ዝም ልበለው? ምን ዓይነት ሰው እሆናለሁ?»

ባለቤቴ አንገቷን ደፋች። «እኔ የእንቁላል አስኳል። ግን ነጩን ሰጥቼው አላውቅም።»

አባቴ ዓይናቸውን ከገንዳው ድንጋይ ላይ አላነሡም። እጄን ሰድጄ ድንጋዩን ሳነሣ ከሥሩ ያበጡ የእንጀራ ጥቅሎች ወጡ፤ በአውራ ጣት ጠበቅ ተደርገው የተጠቀለሉ፣ አንድ ጫፋቸው የሾለ። የአባቴን ጉርሻ የማላውቅ አይደለሁም። በልጅነቴ ስንቱን ውጬዋለሁ። የአልጫው ነገርም ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። በርበሬው እንዳያቃጥለው ለዓሣው አስበው እኮ ነው።

«አባባ፣ በፍቅር ሊገድሉት ነው» አልኳቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፤ ዛሬም ያሳፍረኛል። ገንዳው ላይ «መመገብ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ እሺ አሉ።

ትእዛዙን አክብረዋል። በሦስት ሳምንት ውኃው ጠራ፤ በገንዳው ወዲህ በኩል ቆሜ ወዲያ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አነብ ነበር። አለቃዬም አሽትቶ ጭንቅላቱን ነቀነቀልኝ። የአባቴ ትሪ ግን እንደነካኩት መመለስ ጀመረ። ሁለቴ ቆረስ፣ ከዚያ የእጅ ውኃ። ባለቤቴ ኮታቸውን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። 

አንድ ቀን ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት በጊዜ ተለቀቅን። በምሳ ሰዓት ስገባ አባቴ ከገንዳው ፊት ተቀምጠዋል። ትሪው አልተነካም።

«ከልክለውሃል፤ ምን ላድርግ?» ይላሉ ለዓሣው። «አንተ እያየኸኝ ብቻዬን አልጎርስም።»

በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። እኔ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ከአባቴ ጋር አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬ አልበላሁም ነበር። ጠዋት ዳቦዬን በእጄ ይዤ ለሚኒባስ እሮጣለሁ፤ ማታ «በልቻለሁ» ብዬ እተኛለሁ። ስለ አመጋገባቸው ግን ቢያንስ አሥር ጊዜ ገምግሜያቸዋለሁ።

እጄን ታጥቤ ከትሪው ማዶ፣ በእናቴ ቦታ ተቀመጥኩ። አባቴ ቆረሱ፣ በአልጫው አጠቀሱ፣ በአውራ ጣታቸው ጠበቅ አድርገው ጠቀለሉት። እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ገንዳው ሄደ፤ ወረቀቱ ጋ ደረሰና ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ። ሁለተኛውን አጎረሱኝ፣ ሦስተኛውንም፤ ከዚያ ለራሳቸው ጎረሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርስ ከእኔ ጋር ሆነ። ምሳውን ጎረቤታችን ተረከቡት፤ አልጫ ሽሮ ሥጋ ስለሌለበት የእነርሱ የእኛ ሳይባል ከአንድ ትሪ ይበላል። ዓሣው በቁንጥሩ ኖረ።

አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ድፍረት አግኝቼ፣ «አባባ፣ ዓሣ እንጀራ እንደማይበላ ነግሬዎት የለ?» አልኳቸው።

«እኔስ የማላውቅ መሰለህ?» አሉ እየጠቀለሉ። «ጉርሻው ሲሰጥም እያየሁት እኮ ነው። እናትህ ከሄደች ወዲህ ስበላ ፊት ለፊቴ የሚቆየው እሱ ብቻ ነበር።»

 ከውጭ የሚኒባሱ ረዳት «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» እያለ ሲጣራ ሳላስበው ሰዓቴን አየሁ። አባቴ ጉርሻውን እንደያዙ ጠበቁኝ።

«እሱ እንኳ ሰዓት አያይም ነበር» አሉ።

ሰዓቴን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩና አፌን ከፈትኩ። ሚኒባሱ ሄደ።