ፍልሰታ በአንዳሉሲያ

ለእናቴና ለእኔ የደቡብ ስፔን ትኬት ስቆርጥ ያየሁት የሥራ ፈቃዴንና የልጆቹን ትምህርት መክፈቻ ብቻ ነበር። ቀኑ ፍልሰታ ላይ መዋሉን ያወቅኩት ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ባለው ቤታችን ውስጥ እናቴ ስትነግረኝ ነው።

«ጭራሽ ጾሙንም ረሳሽው?» አለች፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጴንጤ ከሆንኩ ወዲህ እኛ ቤት ነገሩ ሁሉ በሰላም ለሁለት ተከፍሏል። እሑድ እሑድ እሷን ቤተ ክርስቲያኗ በር ላይ አውርጄ ቶርንተን ወዳለው የእኔ ቸርች እነዳለሁ። ገበታ ቀርቦ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ እሷ የረሳችው ነገር ያለ ይመስል ተነሥታ ትሄዳለች፤ ስጨርስ ተመልሳ በልቧ አባታችን ሆይ ትደግማለች። እንዋደዳለን፤ በዚህ ግን አንነካካም። እኔ ደግሞ ከእናቴ ጋር አንዴ አብሬ አሜን ማለት ናፍቆኝ ነበር። ባሌንና ልጆቼን ትቼ ከእሷ ጋር ብቻ የተነሣሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለዚሁ ነው።

ትኬቱ የማይመለስ ስለነበር ሄድን። የሻንጣዋ ግማሽ በሶ ነበር።

ሴቪያ ስንደርስ እኔም እጾማለሁ አልኳት። «ማን አስገደደሽ?» አለችኝ። ማንም፤ እልህ ነው። ደግነቱ እዚያ አገር ምሳ የሚበላው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። እናቴ በዘጠኝ ሰዓት እህል ልትቀምስ ስትቀመጥ ከተማው ሁሉ አብሯት ይቀመጣል።

«እነዚህም ይጾማሉ እንዴ?» አለች ደስ ብሏት።

ደስታው የቆየው ሾርባው እስኪመጣ ነው። አስተናጋጁ ሥጋ የለውም ብሎ ምሎልን ነበር፤ ላዩ ላይ ግን የአሳማ ሥጋ ተነስንሶበታል። በዚያ ላይ ሾርባው ቀዝቃዛ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንዳስደነገጣት እስካሁን አላውቅም። ሆቴል ተመልሰን በሶ በጠበጥን።

የኮርዶባ ሙቀት ደግሞ ሌላ ነው። የዴንቨር ፀሐይ ጥላ ሲገቡ ይለቃል፤ የዚያ ተከትሎ ይገባል። ሸሽተን የድሮው መስጊድ ውስጥ ገባን፤ ዓምዱ ማለቂያ የለው፣ ቅስቱ ቀይና ነጭ።

«ይኼ መስጊድ ነው ቤተ ክርስቲያን?»

«የሠሩት ሙስሊሞች ናቸው እማዬ፤ አሁን ክርስቲያኖች ይቀድሱበታል።»

«ታዲያ ጫማ ያደረገ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» አለችና ጫማዋን አወለቀች።

ጥበቃው መጥቶ በትሕትና ወደ እግሯ አመለከተ፤ አድርጊ ማለቱ ነው። «የእግዚአብሔር ቤት ነው በይው» አለችኝ። እኔ ክሊኒክ ስሠራ የለቀምኩት ስፓኒሽ «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ከማለት አያልፍም። እናቴን ሲናገሩብኝ ደግሞ አልወድም። የማስረዳበት ቋንቋ ሲጠፋኝ የራሴንም ጫማ አውልቄ አጠገቧ ቆምኩ። እኛ ቸርች ማንም ጫማ አያወልቅም። ሰውየው እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ፈገግ ብሎ ሄደ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ጸለየች፤ እኔ ጫማችንን ይዤ ቆምኩ። ወለሉ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ ደስ ይላል።

ምሳ የበላነው አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ስፒናችና ሽምብራ፣ በዘይት፣ በከሙንና በነጭ ሽንኩርት። መስጊዱን ከሠሩት ከሙሮች ዘመን የቀረ ምግብ ነው አሉን። እናቴ አሳማ ተደብቆ እንደሆነ በሹካ ፈተሸችው፤ ምንም የለም። «ይኼንንማ እኔ ራሴ ነኝ የሠራሁት!» አለች ስታሸተው።

አባታችን ሆይ እንድትደግም ብዬ እጄን ሰብስቤ ጠበቅኩ። እሷ ግን አልጀመረችም።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ጸልዪ እንጂ» አለችኝ። «ጮክ በይ። ግን እንደ ቸርቻችሁ አታርዝሚው፤ ርቦኛል።»

ከ«ጌታ ሆይ» አላለፍኩም፤ እንባዬ ቀደመኝ። እናቴ እጄን ያዘችና የቀረውን ጨረሰችልኝ። አሜን አልን።