ዘበኛው ሲስል

የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «እህም» ይለዋል። ዓይነ አፋር ነው፤ ሰው መቆጣት አያውቅበትም። ጫካ ውስጥ ዛፍ ቆራጭ ሲያገኝ ጉሮሮውን ጠርጎ «እህም» ይላል፣ በቃ። ቆራጩም አፍሮ ይሄዳል።

ድሮ እሱም እንጨት ፈላጭ ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ ጫካው ውስጥ እንደ ገዛ ጓዳው ነበር የሚገባው። ኋላ ዛፉ ሳስቶ ምንጩ ሲደርቅ ሰፈሩ ተሰብስቦ መከረ። የወደቀ ደረቅ እንጨት ይለቀም፣ እርጥብ መቁረጥ ግን ይቅር ተባለ። ዘበኝነቱን ለእሱ ሰጡት። እርጥብ እንጨት ከወጣ ግን ሌላ ሰው እንቀጥራለን አሉት።

ሥራውን ወደደው። ነፋስ ያጋደመውን ችግኝ አቃንቶ በጨርቅ ያስረዋል፤ ልጅ የሚያስተኛ ነው የሚመስለው።

አንድ ጠዋት የመጥረቢያ ድምፅ ሰማ። ቀረብ ቢል የሚስቱ እናት ናቸው። ለጋ ዛፍ ጥለው ቅርንጫፉን ይመለምላሉ። እኚህን ሴት ቀና ብሎ እንኳ አይቷቸው አያውቅም።

«እህም» አለ።

«ጉንፋን ነው? ደረትህን ሸፈን አድርግ እንጂ የኔ ልጅ» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ደግሞ ሳለ። እሳቸው እቴ፣ እንጨቱን አሰሩ። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ያውቃል፤ እንዴት ዝም ይበል? «አምጡ፣ እኔ ልያዝልዎ» ብሎ ተሸከመው።

ሰፈር ሲገባ ሻይ ቤቱ በር ላይ የሰፈሩ ሊቀመንበር ከሰዎች ጋር ተቀምጧል።

«እህም፣ የምትጠብቀውን ጫካ ተሸክመኸው መጣህ?» አለ አንዱ። ሳቁበት።

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «ማነው የቆረጠው?»

መሬት መሬቱን አየ። የሸክሙ ቅጠል ገና አልጠወለገም። «ያው... የተሸከምኩት እኔ ነኝ» አለ። ሥራው ከእጁ ሲወጣ ታወቀው።

አማቱ እያነከሱ ከኋላ ደረሱ። «ተዉት ልጁን። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እሱማ ሁለቴ ሳለብኝ። አማቱን ደፍሮ አይናገርም ብዬ ነው ጆሮ ዳባ ልበስ ያልኩት።»

«ታዲያ ዘበኛውን ምን እናድርገው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ስሏል አልኳችሁ። ከዚህ በላይ ምን ያርግ?»

ሊቀመንበሩም ሳቁ አመለጠው። ከሥራውም ያነሳው የለም።

አሁን ደረቁን እንጨት እሱ ለቅሞ በራቸው ላይ ያስቀምጥላቸዋል። እሳቸው ከሰዓት በኋላ በርጩማቸውን ይዘው ጫካው አፍ ላይ ይቀመጣሉ። ከውስጥ «እህም» ሲል ከሰሙ ድምፃቸው ሻይ ቤቱ ድረስ ይሰማል፤ «አንተ ሰውዬ፣ ዘበኛው እየሳለ አይደል እንዴ? ውጣ እንጂ።»

እሱ ከዛፍ ኋላ ሆኖ ያፍራል። ደስም ይለዋል።