የሾላው ወተት መስሎኝ

መቀሱ ከቀኝ እጄ ወደቀ። አንስቼ ያዝኩት፤ ተመልሶ ወደቀ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። በረንዳዬ ላይ ቆሜ በሸክላ ዕቃ የማሳድጋትን ትንሽ ሾላ አዲስ ቀንበጥ እከረክም ነበር። ዛፍን እንዲህ አሳጥሮ ማሳደግ ቦንሳይ ይባላል። ሾላዋን እሪ በከንቱ ሰፈር ከነበረው ቤታችን የግንብ ስንጥቅ ነቅዬ ያመጣኋት እኔ ነኝ።

ሾላ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፤ ቆዳ ያሳክካል። እጄ ሲደነዝዝ ወተቱ ነው አልኩ። በሳሙና ታጠብኩ። በሎሚ አሸሁት። ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ከቀትር በኋላ ፒያሳ ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤቴ ዘሃራ መጣች።

«እትዬ ሶስና፣ አፍዎ ተጣሟል!»

የደነዘዘውን እጄን እያሳየሁ የሾላው ወተት ነው ልላት ሞከርኩ፤ አንደበቴ ተንተባተበ።

«እጅዎን ወተቱ ነካው እንበል፤ አፍዎንስ? ሾላውን በሉት እንዴ? ተነሱ ባክዎ!»

በላዳ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ስትሮክ ነበር። በግራው የአንጎሌ ክፍል አንድ የደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቷል።

«መቼ ጀመረዎት?» አለ ሐኪሙ።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት።»

ሰዓቱን አየ። ስምንት አልፏል።

«ቶሎ ቢመጡ ኖሮ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት መሞከር ይቻል ነበር። አሁን ጊዜው አልፏል።»

ከሰማሁት ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

ቤት ስመለስ አፌ ተስተካክሎ፣ ንግግሬም ተመልሶ ነበር። ቀኝ እጄ ግን ጭኔ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀመጠ። ጠያቂው ሁሉ «ተመስገን ይበሉ፤ እጅ ብቻ ነው» ይለኛል። ብቻ! እጁ የራሱ ቢሆን እንዲህ አይልም ነበር።

ሾላዋም እንዳሻት በቀለች። የሾላ ቀንበጥ ስድስት ሰባት ቅጠል እስኪያወጣ ይተዋል፤ ከዚያ ሁለት ቅጠል አስቀርቶ ይቆረጣል። ካልተቆረጠ ጉልበቱን የላይኛው ይወስደውና የታችኛው ቅርንጫፍ ይደርቃል። ይህን እያወቅሁ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ዘሃራ «ልቁረጥልዎት?» ስትለኝ «አትንኪ!» አልኳት። በማግስቱ በግራ እጄ ሞከርኩና ቀንበጡን ስቼ ለዓመታት ያሳደግሁትን የታችኛውን ቅርንጫፍ ቆረጥኩት።

ሆስፒታል እጄን ለምታሠራኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስነግራት አላዘነችልኝም። «እማማ፣ ግራዎ በሠራ ቁጥር ቀኝዎ ይሰንፋል። መቀሱን ለቀኝዎ ይስጡት» አለችኝ።

መጀመሪያ ስፖንጅ መጭመቅ፣ ከዚያ የልብስ መቆንጠጫ ከገመድ ላይ መንቀልና መልሶ መትከል፣ ከዚያም አሮጌ ጋዜጣ በመቀስ መሸንሸን ነበር ሥራዬ፤ በዚህ ላይ ወራት አለፉ፤ አንዳንዱ ሳምንት ካለፈው የባሰ ነበር፤ መቀሱን የወረወርኩበትም ቀን አለ። ወደ ሾላዋ ስመለስ ቀንበጡን ከመቁረጥ ይልቅ አደቅቀው ነበር። እየቆየ ግን ጠዋት ጠዋት አንድ፣ ከዚያም ሁለት ቀንበጥ በወጉ መቁረጥ ቻልኩ። የልብስ ቁልፍ መቆለፍ ዛሬም ያቅተኛል፤ ጽሕፈቴም እንደ ድሮው አይደለም።

ሐኪሙንና ባለሙያዋን አመሰግናለሁ። ዘሃራን በወጉ አላመሰገንኳትም፤ መቆጣት ይቀለኝ ነበርና። ባትመጣ ኖሮ እስከ ማታ እጄን በሎሚ እያሸሁ እቀመጥ ነበር።

እናንተም እጅ ሲደነዝዝ፣ አፍ ሲጣመም፣ ቃል ሲያስቸግር ምክንያት አትፈልጉለት። የጀመረበትን ሰዓት ያዙና ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። የደም ግፊት ያለባችሁ ኪኒናችሁን አታቋርጡ። በማገገም ላይ ያላችሁ ደግሞ የምትችሉትን ራሳችሁ ሥሩ፤ ለማትችሉት ሰው ጥሩ። እኔ ይህን ዘግይቼ ነው የተማርኩት። ባለፈው ሳምንት እጄ ደክሞ አንድ ቀንበጥ ቀረኝ። ዘሃራን ጠራኋት። ሁለት ቅጠል ቆጥራ ቆረጠችው። ቁርጡ ግን ጠማማ ሆነ። እንደቆረጠችው ተውኩት።