ለደምሴ ቁመት የተለካ መስተዋት

ንጋት፣ ልደታ

ጣሊያን ከገባ ወዲህ ጎህ ሳይቀድ ከደጅ መውጣት ክልክል ነው። ሞተር ቢስክሌቱን በር ላይ አቁመን እስኪነጋ እንጠብቃለን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ክልከላውን የደፈሩ፣ ነጠላ የተከናነቡ ሴቶች በልደታ ማርያም አጥር ሥር ቆመው ይሳለማሉ። ባለቤቴ አስካለ ከሞተሩ ጎን በተቀጠለችው ባለ አንድ ሰው ጋሪ ውስጥ ጋቢ ታነጥፋለች፣ ታነሳለች፣ መልሳ ታነጥፋለች።

«ሲመጣ የሚቀመጠው እዚህ ላይ ነው አይደል?» ትለኛለች።

«የት ሊቀመጥ ኖሯል? ጎማው ላይ?» እላታለሁ። እኔ ስፈራ ቁጣ ቁጣ ይለኛል። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኞቼ ሁሉ ይህን ጠባዬን ችለው ነው የሚኖሩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ደምሴ ከደብረ ብርሃን ማዶ፣ ጣሊያኖች ተራራ በሚፈለፍሉበት በጣርማ በር የቀን ሠራተኛ ነው። የአስካለ ታናሽ ወንድም ተሰማ ደግሞ በዚህ ሞተር ለዚያው ካምፕ ደብዳቤ ያመላልሳል። ትናንት በቀትር መጣና፣ እህቱን ቀና ብሎ ሳያያት፣ «ጋሼ፣ ደምሴን ትንሽ አሞታል። አባቴ ይምጣልኝ ብሏል» አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ እንባው ይወርዳል።

«ዓይንህን ምን ነካው?»

«ንፋስ ነው። ሞተሩ መከላከያ የለውም እኮ።»

ያን ጊዜ ነው የንፋስ መከላከያ መስተዋት ካልተገኘ አልሄድም ያልኩት። የታመመ ልጅ በዚያ ብርድ ደረቱን ለንፋስ ሰጥቶ እንዴት ነው የሚመጣው? ተሰማ፣ «ይቅር ጋሼ፣ ምን ያደርጋል» አለ። «ምን ያደርጋል? ሳንባውን ንፋስ ሲመታው አንተ ልታስታምምልኝ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ሞተሩን አስነሳ።

ጌጃ ሰፈር ወረድን፣ ከተሰባበሩ መኪናዎች ብረትና መስተዋት እየፈታ ከሚሸጠው ከወልዴ ዘንድ። ወልዴ ሦስት ዓይነት አወጣልን። አንዱ እንደ ቀንድ የሚለመጥ ቢጫ ነገር ነው። ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ግን በእሱ ውስጥ ያየኸው ሰው ሁሉ የወፍ በሽታ የያዘው ይመስላል። አንዱ ቆርቆሮ ሆኖ መሃሉ ላይ የመዳፍ ያህል መስኮት አለው። ሦስተኛው የአውቶቡስ መስተዋት ነው፤ ወፍራም፣ ከባድ፣ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ።

«ይሄን። ልጁ ተኝቶም ቢሆን አገር ይይበት» አልኩ።

ጣጣው ቁመቱ ላይ መጣ። «ካጠረ ንፋሱን አንስቶ ፊቱ ላይ ይደፋበታል» አለ ወልዴ። «በጣም ከረዘመ ደግሞ ጭቃ ሲረጭበት መንገድ አያሳይም። ጫፉ አፍንጫ ላይ ሲደርስ ነው ልኩ። ዓይን በላዩ ያያል፣ ንፋስ በአናት ያልፋል።» ጋሪዋ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ደምሴ ግን ከእኔ በአንድ ራስ ይበልጣል፤ ስለዚህ ጆንያ አጣጥፌ ከሥሬ አደረግሁና እንደ እሱ ቀና ብዬ በሜትሬ ለካሁ።

«ገና ነው፤ ከፍ አድርገው። ልጄ ረጅም ነው» እያልኩ ወልዴን አሰለቸሁት። ተሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል። ወልዴ ትራፊውን ቆርጦ ለተሰማ መሪው ላይ አሰረለት። የጠየቀው ሊሬ ስላልነበረኝ ኮት ልሰፋለት ቃል ገባሁ።

ነጋ። «ቶሎ በል፣ ተሴ!» አልኩ። ተነሳን።

ረፋድ፣ ወደ ሰንዳፋ

ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ ወርደን፣ እጃችንን ዘርግተን እንደታዘዘው ሰላምታ ሰጠን። ጣሊያኑ የይለፍ ወረቀቱን ገለባብጦ አየ። የእነሱ ሐበሻ ወታደር፣ አስካሪው፣ ጋቢዬን ፈተሸና መስተዋቱን በጣቱ ቆረቆረው።

«ጥሩ ዕቃ ነው።»

«ለልጄ ነው» አልኩት ኮራ ብዬ።

መንገዱ፣ እርግማን ቢሆንም፣ ያማረ ነው። አገር ወስደው መንገድ ሰጡን፤ በመንገዱም እነሱ ይሄዱበታል፣ እኛ ድንጋይ እንፈልጥበታለን። ዳር ላይ ኩበት የተሸከሙ ሴቶች፣ አቧራ የለበሱ ጠራቢዎች። አንድ ሽማግሌ የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ጣሊያን መስሏቸው ከበቅሏቸው ወርደው ጎንበስ አሉ። እኛ መሆናችንን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። እኔም የእሳቸውን ያህል አፈርኩ።

ሰንዳፋ ላይ አንድ ዳቦ በሁለት ሶልዲ ገዝተን ለሁለት ቆረስን። ተሰማ የእሱን ለውሻ ጣለው። «ጥጋበኛ!» አልኩት።

ቀትር፣ ሸኖ

ከአሌልቱ ወዲያ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ንፋሱን የሚያስቆመው ዛፍ እንኳ የለም። ሳሩ ተኝቷል። ከመስተዋቱ ጀርባ ግን የጋቢዬ ጫፍ አይነቃነቅም። «ወልዴ፣ እጅህ ይባረክ!» ብዬ ጮህኩና ወደ ተሰማ ቀና አልኩ። እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል።

ሸኖ ስንቆም፣ «ያንተኛው አጠረ መሰለኝ» አልኩት።

«አዎ ጋሼ። ንፋሱ ያልፋል።»

እንደገና ስንነሳ እጄን ዘርግቼ ከእሱ መስተዋት ጀርባ፣ ከፊቱ ሥር አስገባሁ። ንፋስ የለም። ምንም ንፋስ የለም። ዓይኑ ግን ያፈሳል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እዚያው ላይ አወቅሁ። መርዶ እንዴት እንደሚወሰድ አይጠፋኝም፤ «ትንሽ አሞት ነው» እያልኩ ስንቱን ሰው ከዘመዱ መሃል አድርሻለሁ። እጄን ቀስ አድርጌ መለስኩ። አልጠየቅሁትም። ከጠየቅሁት ይነግረኛል፤ ከነገረኝ ልጄ እዚህ ሜዳ ላይ ይሞትብኛል። ካልነገረኝ ግን እስከ ደብረ ብርሃን ልጅ አለኝ።

«ቀስ በል፣ ተሴ» አልኩት።

ማምሻ፣ ደብረ ብርሃን

ያረፍነው ከአባቴ ወገን ከሆነችው ከእትዬ የሺ ቤት ነው። በግ ታርዷል። ለእኔ ለልብስ ሰፊው በግ! ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ ሁሉም ስለ ዝናብና ስለ እህል ያወራል፣ ስለ ደምሴ አንድ ሰው አያነሳም። እትዬ የሺ ወትሮ ሰው ስታበላ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ሳትል እጇን አትመልስም። ዛሬ ጉርሻውን ይዛ «በ...» አለችና ቃሉን ዋጠችው። «ብላ እባክህ» አለችኝ።

ለምን እንደምታበላኝ አውቃለሁ፤ ነገ አልበላም። በላሁላት።

በማግስቱ

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ገቡ። ገና ደፉን ሲያልፉ ተነስቼ ቆሜ ነበር። «ድንጋይ መታው» አሉኝ። ከተራራው የተናደ ድንጋይ። አልተሠቃየም አሉ፤ እንዲህ ነው የሚባለው።

ጣርማ በር ወጥተን መቃብሩን አየሁ። ትኩስ አፈር ነው። አጭር መሰለኝ። «ልጄ እኮ ረጅም ነው» አልኳቸው ሰዎቹን፤ ደጋግሜ አልኳቸው። ተሰማ አቅፎ አነሳኝ።

መልስ

በነጋታው ጋሪዋ ውስጥ ያለ ጆንያው ተቀመጥኩ። መስተዋቱ ለእሱ ቁመት የተለካ ነውና እኔን ከነራሴ ሸፈነኝ። ያ ሁሉ ብርድ ውጭ ቀረ። ምንም አልበረደኝም፤ አለመብረዱ አንገበገበኝ። ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ሞቆኝ!

ኬላው ከመድረሳችን በፊት፣ «አቁም። ፍታቸው» አልኩት ተሰማን።

ገባው። ሁለቱንም መስተዋቶች ፈትቶ ከቦይ ዳር አስተኛቸው። ከዚያ እስከ ልደታ ንፋሱ ፊታችንን እየገረፈን ሄድን።

ሊመሽ ሲል ደረስን። ተሰማ ከሞተሩ ሳይወርድ ለጎረቤት ሊናገር አለፈ፤ ጎህ ሲቀድ መርዶውን ይዘው ይመጣሉ። አስካለ ባዶው ጋሪ ሲርቅ እያየች ከበሩ አልተነቃነቀችም።

«ደምሴስ?»

«ትንሽ ይቆይ ብሏል ሐኪሙ።»

«ዓይንዎን ምን ነካው?»

«ንፋስ ነው።»

«መስተዋቱስ?»

«ድንጋይ መታው» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ ስለ ልጄ የነገሩኝን ስለ መስተዋቱ ተናገርኩ።

እፎይ አለች። አመነችኝ። እስከ ንጋት ልጅ አላት።

እራት አቀረበችና «እኔ አላሰኘኝም፤ እርስዎ ይብሉ» አለች። ቆርሼ ጠቀለልኩና ወደ አፏ ዘረጋሁ። «በሞቴ» ልላት ቃሉ ከምላሴ ደርሶ ዋጥኩት።

«ብዪ እባክሽ» አልኳት።

በላች።