ያልተቀቀለ እርድ

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የመረጥኩት እርድን ነበር። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የሚባል ቢጫ ንጥረ ነገር ብግነትን ያበርዳል ይባላል፤ ያረጀና የተቆጣ የአከርካሪ ዲስክን ያስታግስ እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ። ለምን ዲስክ? ሲሉኝ ስለ ሳይንስ አወራሁ እንጂ፣ ሺሺንዳ ያለው አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እርድ ሲቆፍርና ሲሸከም ወገቡ ማለቁን አልተናገርኩም።

ለሙከራው ከጓሮው እርድ እንዲልክልኝ ደወልኩለት። ደስታው ከድምፁ ያስታውቅ ነበር። ሳምንታት ቆይቶ ላከ፤ የምማረው ቦንጋ ነውና መናኸሪያ ሄጄ ከሚኒባስ ረዳት ተቀበልኩ። ፌስታሉን ስፈታ እርዱ ታጥቧል፣ ተቀቅሏል፣ ደርቋል፣ ልጣጩ እስኪለቅ ታሽቷል። ለገበያ እንኳ እንዲህ አሳምሮ አያውቅም። እኔ የምፈልገው ግን ጥሬውን ከነአፈሩ ነበር፤ መቀቀል ኩርኩሚኑን ይቀንሰዋል።

ቶሎ ግንፍል የምል ሰው ነኝ። ወዲያው ደውዬ፣ «አባባ፣ ይሄ ምን ያደርግልኛል? የፈለግኩት ጥሬውን ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ጥሬ ላክ ብዬው ግን አላውቅም።

«ዩኒቨርሲቲ ስትዪኝ፣ አፈር ያለበት ዕቃ እንዴት ይላካል ብዬ ነዋ፤ ነውር አይሆንም?» አለ። «ግድ የለም ልጄ፣ ነገ እቆፍርልሻለሁ።»

ሌላ ሰው ይቆፍርልህ አላልኩትም። ወገቡ ትዝ አላለኝም፤ ስለ ወገብ እያጠናሁ።

በማግስቱ ጎንበስ ብሎ ቆፍሮ ላከልኝ። ማታ እናቴ ደወለች፤ መነሳት አቅቶታል። ጅማ ወሰድነው። ዲስኩ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል አሉን። ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ እግሮቹ ግን አልታዘዙለትም።

ጥናቴ ሠመረ። ከእርዱ ያወጣሁት ንጥረ ነገር ለሙከራ እንዲቆጣ ያደረግኩትን የአይጦች እግር እብጠት ቀነሰ። ከአይጥ እግር እስከ ሰው ዲስክ ያለው መንገድ ገና ረጅም ነው፤ ለአባቴ አይደርስለትም።

የታተመውን ጥናት ይዤ ሺሺንዳ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር። አልጋው ላይ እንደተኛ ገጾቹን በመዳፉ ዳበሳቸው።

«የኔ እርድ ነው?»

«ያንተ ነው አባባ።»

«የተቀቀለው ነው ወይስ ኋላ የላክሁት?»

«ኋላ የላክኸው።»

ወደ እናቴ ዞረና ፈገግ አለ። «አየሽ? እንኳንም ቆፈርኩት።»

የተገለጠውን ብርድ ልብስ ላለብሰው ጎንበስ አልኩና እግሩን ያዝኩት። አባቴ ጥናቱን እያገላበጠ ነበር፤ እግሩን እንደያዝኩት አልተሰማውም።