ቅጂ ያላስቀረሁለት ዱዓ

ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለ ፎቶ ቤት ሥራ በጀመርኩ ቀን ባለቤቱ ጋሽ ተሾመ ካሜራ አላስነኩኝም። መጀመሪያ ያሳዩኝ ኔጌቲቭ በየፖስታው፣ ስም እየተጻፈበት የሚቀመጥበትን የእንጨት ሣጥን ነው። «ደንበኛ ፎቶውን ይጥላል፤ እኛ ጋ ግን አይጠፋም» አሉኝ። የኮልፌ ሰውም ይህን ስለሚያውቅ ዋናው ቅጂ ፎቶ ቤቱ ጋ አለ ብሎ ይተኛል።

ጋሽ ተሾመ ሲደክማቸው ቤቱን ለእኔ ተዉልኝ። እኔም ዘምኛለሁ ብዬ ሁሉን ክላውድ፣ ደመና የሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ጫንኩ። ኮምፒውተሩም ስልኬም ያንኑ ፋይል ያሳያሉ፤ ለደንበኛ ሊንክ እልካለሁ። አንድ ቀን ሊጠይቁኝ መጥተው፣ «ከአንዱ ቢጠፋ ከሌላው ይገኛል?» አሉ።

«ጋሽዬ ደግሞ፣ ሣጥንዎን እኮ ሰማይ ላይ ሰቅዬዋለሁ» ብዬ ሳቅሁባቸው። ሳላጣራ ነበር የመለስኩት።

የቤቴሏ እትዬ ዘይነባ ልጃቸውን ሲድሩ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ባለቤታቸው ሐጂ ከድር ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን ሙሽራዋን ፊታቸው አስቀምጠው ረጅም ዱዓ አደረጉላት። ሊንኩን ለቤተሰቡ ላክሁ። ካሜራው የቀዳበትን ካርድ፣ ክላውድ አለ ብዬ፣ ለሌላ ሠርግ አጸዳሁት።

ከዚያ ስልኬ ሞላ። ኮምፒውተሩ ላይ አሉ ብዬ የቆዩ ሠርጎችን ከስልኬ ሰረዝኩ። ለካ አንዱ ጋ የተሰረዘ ሁሉም ጋ ይሰረዛል። የተሰረዘውን ክላውዱ ለአንድ ወር ያቆየዋል፤ እኔ የነቃሁት ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው።

የነቃሁትም እትዬ ዘይነባ ጥቁር ሻሽ አስረው ሲመጡ ነው። ሐጂ ከድር አርፈዋል።

«ሊንኩ አልከፈት አለን። የዱዓውን ድምፅ ብቻ ስጪኝ፣ ልጄ።»

«ስልካችሁ ላይ አላወረዳችሁትም፣ እትዬ?»

«አንቺ ጋ አለ ብለን።»

ያደረግሁትን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ሌላ የምሰጣቸው ስላጣሁ የጋሽ ተሾመን ሣጥን ከፈትኩ። የእትዬና የሐጂ የራሳቸው ሠርግ ኔጌቲቭ ስማቸው ተጽፎበት እዚያው አለ። አሳጥቤ ሰጠኋቸው።

ፎቶውን ብዙ አዩት። «ያኔም ዝም ብሎ ነበር የተቀመጠው» አሉ። ከዚያ እኔን አይተው፣ «አላህ ያለው ነው፤ አታልቅሺ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስልክና ኮምፒውተርን ማመሳሰል ቅጂ ማስቀመጥ አይደለም። ዛሬ ከእያንዳንዱ ሠርግ አንድ ቅጂ ዲስክ ላይ ገልብጬ፣ ስም ጽፌ፣ ሣጥኑ ውስጥ አኖራለሁ። የሐጂ ከድር ድምፅ እዚያ የለም።